የአራተኛው አልጋ ዳንቴል

ሉብሊያና፣ ማርች 5 ቀን 2018

ለተከበሩ አክስቴ ለራዶይካ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ ተሻለዎት? ብርዱስ እንዴት አለፈ? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ በረዶው ቀልጦ ወንዙ ሞልቷል፤ ከዚያ በቀር የምነግርዎ አዲስ ነገር የለም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከሆስፒታላችሁ ዋና ሐኪም ከዶክተር ቫሶቪች የፈቃድ ደብዳቤ ደርሶናል። ስለዚህ ሹፌሩ ቶዛ አርብ አውቶቡሱን ይዞ ወደዚያ ሲመለስ አንድ ሰማያዊ ሳጥን ያስረክብዎታል። በውስጡ ስልሳ የሽንት ቱቦ አለ። ሠላሳው ተራ ነው፣ ነጭ። ሠላሳው የኔ ነው፣ ሐምራዊ።

ስድስት ዓመት የሠራሁት እንግዲህ ይኸው ነው። ለነርሶቹ እንዲህ ብለው ያስረዱልኝ። ቱቦው ላይ የተቀባው ነገር ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ አንዱ ቀለም ነው፣ ሌላው የወርቅ ብናኝ ነው፣ እኛ ናኖ የምንለው፣ በተራ አጉሊ መነጽር እንኳ የማይታይ። ብርሃን ሲያርፍበት ሁለቱ ተጋግዘው ቱቦውን ነክቶ ያለውን አየር ለባክቴሪያ መርዝ ያደርጉታል። ሰውን አይጎዳም። የጸሐይ ብርሃን የግድ አይደለም፤ የክፍሉ መብራትና በመስኮት የሚገባው ይበቃዋል። በጨለማ ግን እንደ ማንኛውም ቱቦ ነው።

ስለዚህ ትእዛዙ አንድ ነው፤ ከሰውነት ውጭ ያለው የቱቦው ክፍል ብርድ ልብስ ስር እንዳይገባ። ውጭ ይንጠልጠል። ወረቀቱ ላይም ጽፌዋለሁ።

የሕመምተኛ ስም ደግሞ አይላክልኝ፣ የአልጋ ቁጥር ብቻ። ውጤቱን የማነበው እኔ ስለሆንኩ ማን የት እንደተኛ ማወቅ የለብኝም። እርስዎም እንደ ዋና ነርስ ፈርመውበታል።

የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ፕሮፌሰር ዙፓን እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ጊዜ ሰጥተውኛል። ላቦራቶሪ ውስጥ በጀርም ሳህን ላይ ያለው ውጤት ጥሩ ነው፤ እሳቸው ግን «ሳህን አይታመምም» ይላሉ። አልጋ ላይ ካልሠራ ሥራው ይዘጋል፣ እኔም ሌላ ሰው የጀመረውን ልጨርስ እሄዳለሁ።

አባባ እንዴት ናቸው? እንደማይጽፉልኝ አውቃለሁ። ደህና መሆናቸውን ብቻ ይንገሩኝ።

እጅዎን እስማለሁ።
ነቬና


ቬሊ ዶል፣ ማርች 24 ቀን 2018

ለወንድሜ ልጅ ለነቬና፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ጤና ይስጥሽ፣ ክፉ አይይሽ፣ የነካሽው ሁሉ ይባረክልሽ። የኛን ከጠየቅሽ ሁላችንም አለን። ጉልበቴ ግን ከኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ያ ባለፈው ዓመት የላክሽልኝ ቅባት አልቋል፤ ካገኘሽ ላኪልኝ።

ሳጥንሽ ደረሰ። ቶዛ ከጎኑ አስቀምጦት፣ ሰው እንዳይደገፍበት ሦስት አገር ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር ሲጨቃጨቅ ነው የመጣው። ነርሶቹ ከፍተው ሐምራዊውን ሲያዩ ሳቁ። ብራንካ «ፕሪም ውስጥ ነክረውት ነው እንዴ?» አለች። «የወንድሜ ልጅ በወርቅ የሠራችውን ነው የምትስቂበት? ያንቺ የጆሮ ጌጥ እንኳ ወርቅ አይደለም» አልኳት። ከዚያ ወዲህ አደብ ገዝታለች።

ሁለተኛው ክፍል ለሥራሽ ተሰጥቷል። አምስት አልጋ አለው፤ የሚተኙበት ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም ሽማግሌዎች ናቸው። አምስተኛው አልጋ መስኮቱ ስር ነው፣ ባዶ ነው። ንፋስ ይመታናል ብለው ማንም አይተኛበትም። መስኮቱ አምና ተቀይሯል፣ ትንፋሽ እንኳ አያስገባም ብዬ ብምል ብገዘት የሚሰማኝ የለም። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ብሆን አልተኛበትም።

ቱቦው ውጭ ይንጠልጠል ያልሽውን ለሁሉም ነግሬያለሁ። ወንዶቹ አልወደዱትም። እስከ ዛሬ ብርድ ልብስ ስር ደብቀውት ነበር። አሁን ጠያቂ ሲመጣ፣ በተለይ የልጅ ሚስት ስትመጣ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ሰው በሽንቱ ያፍራል፣ ምን ታደርጊዋለሽ።

እኔ ሥራ ሲቀል ኪሮሼን ይዤ ነርሶች ክፍል እቀመጣለሁ። ለስልኩም፣ ለቴሌቪዥኑም፣ ለደም ግፊት መለኪያው ሳይቀር ዳንቴል ሠርቼለታለሁ። ዶክተር ቫሶቪች «እትዬ ራዶይካ፣ አንድ ቀን እኔንም ያለብሱኛል» ይለኛል። ለሆስፒታሉ የምሠራው ታዲያ ተራውን ነው። የእናቴን አበባ፣ ያቺን ቆጠራ ተሳስታ አንድ ቅጠሏን ያሳጠረቻትን፣ ለቤታችን ሰው ብቻ ነው የምሠራት። አንቺም አንድ አለሽ፤ የት እንዳደረግሻት እንጃ።

አባትሽ ደህና ነው። የፕሪም ዛፎቹን መልምሏል። ስላንቺ አይጠይቅም፣ እኔም አላነሳበትም። እናትሽ ሞታ አርባዋ ሳይወጣ ወደ ሥራሽ የተመለስሽበት ቀን እስካሁን ከሆዱ አልወጣም። በሬን አትርገጭ ያለሽን ቃል ደግሞ መልሶ ለመዋጥ ጉሮሮው ጠባብ ነው። ታውቂዋለሽ።

ሁለት ብልቃጥ የቃሪያ ድልህ ልኬልሻለሁ። ብልቃጦቹን መልሺልኝ።

አክስትሽ ራዶይካ


ሉብሊያና፣ ሜይ 10 ቀን 2018

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንኳን ለጊዮርጊስ አደረስዎ። የቤታችን ቅዱስ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅዎ። ቅባቱን በዚሁ ልኬያለሁ፤ ድልሁ አልቋል፣ ብልቃጦቹ ታጥበው ተቀምጠዋል፣ በሚቀጥለው እልካቸዋለሁ።

ደስ የሚል ወሬ አለኝ። የተቀየሩት ቱቦዎች በደንብ ታሽገው ደርሰውኛል። እኔ ቱቦውን የጀርም ማብቀያ ሳህን ላይ አንከባልለዋለሁ፣ ሊጥ እንደሚዳመጥ። በማግስቱ ጀርም ካለበት ነጠብጣብ ሆኖ ይበቅላል፣ እኔም እቆጥራለሁ። ከሁለተኛው አልጋ የመጣው ነጭ ቱቦ ቆጥሬ የማልጨርሰው ነበር። ሐምራዊዎቹ፣ አንደኛው አልጋ አምስት፣ ሦስተኛው አልጋ ሦስት። ፕሮፌሰር ዙፓን ሳህኖቹን ተራ በተራ አንስተው አዩና «እንቀጥል» አሉ። እሳቸው ይህን ካሉ ብዙ ነው።

የአያቴ አበባ አልጠፋችም። ማይክሮስኮፔን አቧራ እንዳይገባው እሷን ነው የማለብሰው። የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ንፍሮው ተቀቀለ? ዳቦውን ማን ቆረሰ? አባባ እንግዶቻቸውን እንዴት ተቀበሉ? የባቡር ጣቢያ ጓደኞቻቸው ሁሉ መጥተው ነበር? እባክዎ ይጻፉልኝ። እኔ እዚህ ሻማ አበራሁ፣ የሚቀመጠው እንግዳ ግን አልነበረም።

እጅዎን እስማለሁ።
ነቬና


ቬሊ ዶል፣ ጁን 14 ቀን 2018

ለነቬና፣

ሰላምና ጤና ላንቺ ይሁን። ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ሁለት ነርስ ጀርመን አገር ሄደውብናል።

ንፍሮው ተቀቅሏል፣ ዳቦው ተቆርሷል። የመጣው መጥቷል።

አራተኛው አልጋ ላይ አዲስ ሰው ገብቷል። ፕሮስቴቱ ሽንቱን ዘግቶበት ነው። ኦፕራሲዮን እስኪደረግ ድረስ ቱቦ ያስፈልገዋል፤ ልቡ ደካማ ስለሆነ ሐኪሞቹ አልቸኮሉም። ሐምራዊውን ነው ያስገባንለት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከዚህ የበረታ የለሽም? ቀለሙ ሁለት ጊዜ ቢቀባ አይጠነክርም? አንድ ሰው ይህ ቱቦ እያለው ትኩሳት ቢይዘው፣ ከቱቦው ነው ወይስ ከሌላ? ለማወቅ ያህል ነው።

አባትሽ አለ።

ራዶይካ


ሉብሊያና፣ ጁን 22 ቀን 2018

ለተከበሩ አክስቴ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ደብዳቤዎ አጭር ስለሆነብኝ አሳስቦኛል።

ለጥያቄዎ ልመልስ። የበረታ የለም፤ ቀለሙን መደረብም አይጠቅምም። ትኩሳቱ ከቱቦው ሊሆን ይችላል፤ ዶክተር ቫሶቪች ሽንቱን ያስመርምሩ።

አሁን ደግሞ የኔ ጥያቄ። የአራተኛው አልጋ ሁለት ቱቦ ደርሶኛል። ሁለቱም ሐምራዊ ናቸው፣ ሁለቱም ጀርም ወርሷቸዋል። የመጀመሪያውን ሳየው ሳህን ተሳስቶብኝ መሰለኝ። ሁለተኛውን ራሴ ሁለት ጊዜ ደገምኩት። አልተሳሳትኩም። አንደኛውና ሦስተኛው አልጋ አሁንም ንጹሕ ናቸው፤ አራተኛው ግን ከነጩ ጋር እኩል ሆኗል።

ፕሮፌሰር ዙፓን «ምክንያቱን ካላገኘሽው እኔ የማምነው አራተኛውን ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን እንዲሁ እል ነበር። ሴፕቴምበር ሩቅ አይደለም።

ስለዚህ ይህንን ይመልሱልኝ። ቱቦው ብርድ ልብስ ስር ይገባል? በአልኮል ነው የሚጠረገው ወይስ በሳሙና? አልጋው ከመብራቱ ይርቃል? ቅባት ወይም ፓውደር የሚነካው ሰው አለ? አራተኛው አልጋ ከሌሎቹ በምን ይለያል? ትንሽ መስሎ የሚታይዎትን ነገር ሁሉ ይጻፉልኝ።

አባባ አሉ ማለት ምን ማለት ነው?

ነቬና


ቬሊ ዶል፣ ጁላይ 11 ቀን 2018

ለነቬና፣

ጤና ይስጥሽ። ደብዳቤሽን አንብቤ አስቀመጥኩት፣ ደግሜ አነበብኩት፣ ደግሜ አስቀመጥኩት።

እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ነርስ ነኝ። እጄን እንዴት እንደምታጠብ አንቺ ሳትወለጂ አውቄያለሁ። ቱቦው በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፣ አልኮል አይነካውም፣ ፓውደር አይነካውም። መብራቱ ከራሱ በላይ ነው። ቱቦው ብርድ ልብስ ስር አልገባም፤ በየቀኑ በዓይኔ አየዋለሁ። ሁሉ እንደ ወረቀትሽ ነው። እኔ የማጠፋው ነገር የለም።

ሰውየው ትኩሳት ይዞት ነበር፣ ሠላሳ ዘጠኝ ደርሶ። ሁለት ቀን ሰው አላወቀም። ዶክተር ቫሶቪች መድኃኒት ቀየረለት፣ አሁን በርዷል። ሾርባ እየጠጣ ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ጨዋ ስለሆነ ነው የሚያፍረው።

በዚህ በጋ ፈቃድ አለሽ? ወደዚህ መምጣት አስበሽ ነበር? እንዲያው መጠየቄ ነው። ቅባቱ ይቅር፣ አያስፈልገኝም።

ራዶይካ


ሉብሊያና፣ ጁላይ 17 ቀን 2018

ለአክስቴ ለራዶይካ፣

ጤና ይስጥልኝ።

ትናንት የአራተኛውን አልጋ ሦስተኛ ቱቦ እንደተለመደው አንከባለልኩት። እስከ ዛሬ የመጡት ታጥበው የመጡ ስለነበሩ ጀርሙ ከዳር ዳር ተቀላቅሎ ነበር። ይህኛው ከሰውየው እንደወጣ ሳይታጠብ ታሽጓል፤ ብራንካ ናት የፈረመችበት። ዛሬ ጠዋት ሳህኑን አወጣሁት።

ጀርሙ ቅርጽ ሠርቷል። መጀመሪያ የቱቦው መታጠፊያ መሰለኝ። ወደ መብራቱ ከፍ አድርጌ ሳየው አበባ ነው። ስምንት ቅጠል አለው፣ አንዷ አጭር ናት። ከጎኑ ሌላ አበባ፣ ከሱም ጎን ሌላ። ክሩ የተኛበት ቦታ ጀርሙ በቅሏል፤ ቀዳዳው ያለበት ቦታ ባዶ ነው፣ ምንም የለበትም። ከማይክሮስኮፔ ላይ የርስዎን ዳንቴል አንስቼ ሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩት። ቅጠሎቹን ቆጠርኩ። ከዚያ ቁጭ አልኩ።

ሁለት ነገር አውቄያለሁ። አንደኛው፣ ቱቦው ይሠራል። ብርሃን የነካው ቦታ ሁሉ ንጹሕ ነው። ሁለተኛውን እርስዎ ያውቁታል። ያቺን አበባ ለቤታችን ሰው ብቻ ነው የምሠራት ያሉበት ደብዳቤ ፊቴ ተቀምጧል። በቤታችን ስንት ወንድ ቀርቶናል፣ አክስቴ? አንድ ነው። ለጊዮርጊስ አባባ እንግዶቹን እንዴት ተቀበሉ ብዬ ስጠይቅዎም የመጣው መጥቷል አሉኝ።

ለዶክተር ቫሶቪች ደውዬ አራተኛው አልጋ ቱቦ ላይ ያለው ልብስ ዛሬውኑ ይነሳ ብያለሁ። ስም አልጠየቅኳቸውም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። ለርስዎ ያልደወልኩት፣ በስልክ ከጠየቅኩዎ «ደህና ነው» ብለው እንደሚዘጉብኝ ስለማውቅ ነው። በወረቀት ላይ ግን ሲዋሹ አይሆንልዎትም፤ ደብዳቤዎ ያጥራል።

ተናድጃለሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ትኩሳት ብለው የጻፉልኝ ስለ ማን እንደነበር አሁን ነው የገባኝ፣ እኔም ያንን አንብቤ ሥራ ስሠራ ነው የዋልኩት። ይህንን ደብዳቤ ቶዛ በእጅዎ ይሰጥዎታል። ሲመለስ መልስ ይዞልኝ ይምጣ።

ነቬና


ቬሊ ዶል፣ ጁላይ 21 ቀን 2018

ለልጄ ለነቬና፣

ቶዛ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ እየጠበቀኝ ስለሆነ ሰላምታውን በሆድሽ ያዢልኝ።

አባትሽ ነው። ከሜይ መጀመሪያ ጀምሮ እዚህ ነው። እንግዶቹን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ሁሉም «ራንጄል የት አለ?» እያሉ ንፍሮው ጉሮሯቸው ላይ ቆመ። በገባ ቀን ክንዴን ያዘና «ራዶ፣ ለዚያች ልጅ ብትጽፊላት እህቴ አይደለሽም» አለኝ።

«ቱቦው እኮ የሷ ሥራ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። ነጩን አልፈልግም፣ እሱን አስገቡልኝ። እሷ ግን በዚህ ሁኔታ እንዳለሁ አትስማ።»

እኔም ስም እንዳይጻፍ ፈርሜያለሁ ብዬ በሱ ተሸሸግኩ። ደስ ብሎኝ እንዳይመስልሽ።

በመጀመሪያው እሁድ የባቡር ጓደኞቹ መጡ። አርባ ዓመት ኮቱን ቆልፎ፣ ቆቡን አድርጎ ባቡር ያሳለፈ የጣቢያ ሹም ነው፤ ቱቦው ተንጠልጥሎ አዩት። ሚሩን፣ ያ አፉ የማያርፈው፣ «አለቃ፣ ይሄ ምንድን ነው? አዲስ የባቡር ምልክት ነው?» አለ። ሁሉም ሳቁ። አባትሽም ሳቀ። ከሄዱ በኋላ ግን ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ምሳውንም እራቱንም አልበላም። እኔ አይቼ አላስችል አለኝ። ቱቦውን ለክቼ በልኩ ጠበቅ ያለች ልብስ ሠራሁለት፣ ሰፍቼ አለበስኩት፣ ለከረጢቱም ሌላ። በእናታችን አበባ ነው የሠራሁት። ሲያየው ደስ አለው። «አሁን ሰው መሰልኩ» አለኝ።

ብርድ ልብስ ስር አልገባም ብዬ የጻፍኩልሽ እውነት ነው። ዳንቴል ደግሞ ቀዳዳ አለው፣ ብርሃን ያሳልፋል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ትኩሳቱ ሲነሳበት ነው ልቤ የጠረጠረው። እንኳን ላንቺ ለራሴም አላልኩትም። ቱቦው ሲቀየር ልብሱን ፈትቼ፣ ምልክት እንዳይኖረው አጥቤ የላክሁልሽ እኔ ነኝ። ሦስተኛውን እኔ በሌለሁበት ብራንካ ቀየረችው። ወንድሜን ልገድለው ነበር፣ ሥራሽንም ልቀብረው ነበር፣ ሁለቱንም በኪሮሽ።

ዶክተር ቫሶቪች በደወልሽ ቀን መጥቶ «ይነሳ» አለ። አነሳሁት። አባትሽ ግን ቱቦውን ወዲያው ብርድ ልብስ ስር ሸሸገው። «ራቁቴን አታስቀምጪኝ» አለኝ። ባወጣሁት ቁጥር ይመልሰዋል። እንደምታውቂ አልነገርኩትም። ምን ልበለው?

አክስትሽ


ሉብሊያና፣ ጁላይ 30 ቀን 2018

ለተከበሩ አክስቴ ለራዶይካ፣

ጉልበትዎን እግዜር ይማርልኝ። እርስዎ ወንድምዎን እንደሚወዱ አውቃለሁ፤ ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሁሉንም ለፕሮፌሰር ዙፓን ነገርኳቸው። ሳህኑን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው አዩት። «ገንዘብ ብናወጣም እንዲህ ያለ ማስረጃ አናሠራም ነበር፤ እዚያው አንድ ቱቦ ላይ፣ ብርሃን ያለበትና የሌለበት» አሉ። ሥራው አልተዘጋም። እኔ ግን አራተኛው አልጋ ላይ ማን እንዳለ ስላወቅሁ ከእንግዲህ ውጤቱን ማንበብ አልችልም። ሌላ ሴት ታነበዋለች፤ ሪፖርቱም በሷ ስም ነው የሚወጣው። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። እየደበቅሁ ግን ለአባባ ቱቦ መሥራት አልፈልግም።

በዚህ ፖስታ ውስጥ የሳህኑ ፎቶግራፍ አለ። እንደማውቅ ለአባባ ይንገሯቸው። ፎቶግራፉን ይስጧቸውና እንዲህ ይበሏቸው፤ ቀዳዳው ቦታ የኔ ሥራ ነው፣ ክሩ ቦታ የእናታቸው ነው። ልሸሸግ ካሉ ቱቦው እንደገና ይታመማል፣ እሳቸውም ይታመማሉ። የምለምናቸው ይህንን ብቻ ነው። ይቅር በሉኝ ብዬ አልጨምርበትም፣ አንድ ላይ ሲሆን ይከብዳቸዋል።

ልምጣ ብዬ አልጠየቅኩም። በሬን አትርገጭ ያሉት እሳቸው ናቸው። ናፍቀውኛል።

ነቬና


ቬሊ ዶል፣ ኦገስት 20 ቀን 2018

ለውድ ልጄ ለነቬና፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ዕድሜሽ ይርዘም። በዚህ ጊዜ የዘገየሁት የምጽፈው እስኪሞላልኝ ነው።

ፎቶግራፉን ሰጠሁት። ያልሽኝን ቃል በቃል ነገርኩት፣ አንድም አልጨመርኩም፤ እኔን ታውቂኛለሽ፣ ከባድ ነበር። መነጽሩን አደረገ፣ አወለቀ፣ ጠረገ፣ አደረገ። «ያቺ አጭሯ ቅጠል» አለ። «እናታችን በሕይወቷ አንድ ጊዜ ተሳሳተች፣ ይኸው አይጥፋ ብለን ተሸክመነው ዞርን።» ፎቶግራፉን ትራሱ ስር አደረገው። ሦስት ቀን ስላንቺ አንድ ቃል አልተናገረም። ቱቦውን ግን ከብርድ ልብሱ ስር አወጣው። እኔ አላወጣሁትም፣ ራሱ ነው።

በአራተኛው ቀን ዶክተር ቫሶቪችን ጠርቶ «አምስተኛው አልጋ ባዶ ነው?» አለው።

ክፍሉ ሁሉ ቀና አለ። አንደኛው አልጋ ላይ ያለው ሽማግሌ «ራንጄል፣ አበድክ? ንፋሱ ይገድልሃል!» ብሎ ጮኸ።

«አርባ ዓመት የባቡር ጣቢያ መድረክ ላይ ቆሜያለሁ፣ ንፋስ ከኔ ጋር ጓደኛ ነው» አለ። ከባዶው ጋር አለዋውጠን አልጋውን መስኮቱ ስር አደረግነው። ቱቦውን እንደ ሰዓት ሰንሰለት በብርድ ልብሱ ላይ ዘረጋው።

እሁድ የባቡር ሰዎቹ መጡ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሚሩን እንደ ልማዱ «አለቃ፣ ሐምራዊ ሲበራ ባቡሩ ይቆማል ወይስ ያልፋል?» አለው።

«ባቡሩ ያልፋል» አለ አባትሽ። «የሚቆመው ጀርሙ ነው። ልጄ ናት የሠራችው። ቀረብ ብለህ እይ፣ ወርቅ አለበት።» ሁሉም በየተራ ጎንበስ እያሉ ያዩለት ጀመር። ሚሩን ቆቡን አውልቆ ነው ያየው። እኔ ወደ ነርሶች ክፍል ሄጄ አለቀስኩ፤ ብራንካ ሽንኩርት ልጠሽ ነው ወይ ብላ አሾፈችብኝ።

ያቺ በቦታሽ የተተካችው ሴት የአዲሱን ቱቦ ውጤት ለዶክተር ቫሶቪች ጽፋለታለች። አራት ነጠብጣብ። አራት ብቻ። ለአባትሽ ስነግረው «አራቱ ከየት መጡ?» ብሎ ተቆጣ። ትኩሳት የለውም። ኦፕራሲዮኑ ለሴፕቴምበር መጀመሪያ ተቀጥሯል፤ ልቡን ያዩት ሐኪም ይቻላል ብለዋል።

ትናንት ቱቦውን ሳጥብለት «ለዚያች ልጅ ትጽፊያለሽ?» አለኝ።

«ከፈቀድክልኝ» አልኩት።

«እዚህ መስኮት ስር ንፋስ አለ ብለሽ ጻፊላት። አንገቴ መድረቁ አይቀርም። ሲደርቅ በራኪያ፣ በፕሪም አረቄያችን፣ የሚያሸኝ ሰው የለም በያት። ያንቺ እጅ ሸካራ ነው፣ አልፈልግም።»

እኔ የታዘዝኩትን ጻፍኩ። መስኮቱ ትንፋሽ እንኳ አያስገባም፤ እሱም ያውቃል። ቶዛ አርብ ጠዋት ከዚያ ይነሳል። ብልቃጦቼን ራስሽ ይዘሽልኝ ነይ።

አክስትሽ ራዶይካ